ለሦስት አንድ ካሜራ

«ለጀማሪ የትኛው ካሜራ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በማኅበራችን ስብሰባዎች ላይ በተደጋጋሚ ይደርሰናል፤ ትልቅ ሌንስ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን የምንዞረው እኛ ስለሆንን ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ወይ ካኖን፣ ወይ ኒኮን። እኛ ወደዚያች አንድ ቃል ለመድረስ ስድስት ወር ፈጅቶብናል። ጥናታችን ጥልቅ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡም የተጠራቀመው በስድስት ወር ነው።

ሦስት ነን፤ አንዱ የቂርያት ማላኪ፣ አንዷ የገዴራ፣ አንዱ የያቭኔ ልጅ። የምንማረው ትምህርት አይገናኝም። የሚያገናኘን የተፈጥሮ ፎቶ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ይበልጡን ወፍ። እያንዳንዳችን በየወሩ 200 ሼቄል እያዋጣን በስድስተኛው ወር 3,600 ሼቄል ሞላልን። ቤተሰቦቻችን «እቁብ ጀመራችሁ?» እያሉ ይስቁብን ነበር። እቁብስ አይደለም፤ እቁብ ዕጣ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ሁሉም በተራው ገንዘቡን ይወስዳል። የእኛው ለአንድ ዕቃ የተዋጣ መዋጮ ነው። ግን ቃሉ ስለጣፈጠን እስከ ዛሬ «እቁቡ» እያልን ነው የምንጠራው።

ተቃውሞም ነበረ። የአንዳችን አባት «ለወፍ ፎቶ 3,600 ሼቄል? ስልክህ ካሜራ የለውም?» ብለው ጠየቁ። እኝህ አባት ለብዙ ዓመታት የሌሊት ፈረቃ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ገንዘብ ስንት ሌሊት እንደሆነ ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ። ስለዚህ ጥያቄያቸውን በቁም ነገር ያዝነው። መልሱ በቀላሉ «የለውም» ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን ስልክ ለብዙ ነገር ይበቃል። በየካቲት ወር የደቡቡን መስክ ቀይ የሚያደርገውን ካላኒት በስልክ ማንሳት ይቻላል፤ ጀምበር ስትጠልቅም፣ በያቭኔ አሸዋ ላይ የቀበሮ ዱካም እንዲሁ። ስልክ የማይደርስበት ነገር ቢኖር ከእኛ ራቅ ብሎ የቆመና ብንጠጋው የሚበር እንስሳ ነው።

ይህን ለአባታችን በቃል ከማስረዳት በቁጥር ማስረዳት ቀለለን። በየማሳው የሚጮኸውን ሲክሳክ የማያውቅ የለም፤ ጥቁር ኮፍያ ያጠለቀ የሚመስለው፣ ሰው ሲጠጋ ቀድሞ የሚንጫጫው ወፍ ነው። ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሜትር ላይ፣ ከካሜራው ጋር በሳጥን በሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሙሉ በሙሉ አቅርበን ብናነሳው፣ ወፉ ከፎቶው ስፋት ሃምሳኛውን እጅ ያህል ብቻ ይሞላል። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን አንድ ዘጠነኛውን ይይዛል። አንድ ዘጠነኛ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ዓይኑን ለማየት ይበቃል። ዓይኑ ካልታየ ደግሞ የወፍ ፎቶ የድንጋይ ፎቶ ነው። አባታችን ሂሳቡን ሰምተው «እሺ፣ ታዲያ የምትገዙት ካሜራ ሳይሆን ሌንስ ነዋ» አሉ። ከዚያ በኋላ ካነበብነው ምክር ሁሉ ይህን ያህል አጭርና ትክክለኛ የሆነ አላገኘንም።

ነገሩ እንደዚያ ነው። ለተፈጥሮ ፎቶ የመጀመሪያ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለሁለት ይክፈለውና ከግማሽ ብዙም የማያንሰውን ለረጅም ሌንስ ያስቀምጠው። በሱቅ ውስጥ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ አዲስ ካሜራ፣ የሚያምር ሳጥን፣ አጭር ሌንስ፣ ቦርሳና ማህደረ ትውስታ ካርድ በአንድ ላይ። ለሰርግ ድግስ ወይም ለጉዞ ጥሩ ነው፤ ለሲክሳክ አይሆንም። ሌላም የሚረዳ ነገር አለ። በእነዚህ ለጀማሪና ለመካከለኛ በተሠሩ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ከድሮው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያነሰ ስለሆነ፣ ሌንሱ የሚያሳየው እይታ ጠበብ ይላል፤ በኒኮን 1.5 እጥፍ፣ በካኖን 1.6 እጥፍ። 300 ሚሊ ሜትሩ በኒኮን ላይ በፊልም ዘመን የ450 ሌንስ ያሳይ የነበረውን ያህል ያሳያል። ድሃ የወፍ ፎቶ አንሺ ትንሹን ሰሌዳ የሚወድበት ምክንያት ይኸው ነው። እርግጥ ታምሮንና ሲግማ እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ሌንሶች ሠርተዋል፤ አንዱ ብቻ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአውቶቡስ ለምንሄድ፣ ዓርብ ጧት ወጥተን ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቤት መድረስ ላለብን ሰዎች፣ ከገንዘቡም በላይ ክብደቱ ፈረደበት።

አሁን ካኖን ወይስ ኒኮን ወደሚለው እንምጣ። በእኛ ባህል ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ትውልድ ዘር ይቆጥራሉ፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። በካሜራ ዓለም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጋቡት ዘመዳሞች ብቻ ናቸው። የካኖን ሌንስ ለኒኮን አይገባም፣ የኒኮንም ለካኖን። ስለዚህ ሰው ካሜራ ሲገዛ አንድ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል እንጂ ወደ አንድ ቤተሰብ ነው የሚገባው። የያቭኔው ልጅ ለካኖን የቆመው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ የአጎቱ ልጅ የካኖን ሌንሶች አሉት፣ መዋስ ይቻላል። ይህ ጥሩ ምክንያት ነው። ከየትኛውም የመጽሔት ንጽጽር ይልቅ ሌንስ የሚያውስ ዘመድ ይበልጣል። ገንዘቡ እስኪሞላም ያንኑ ካሜራ እየተዋስን ነው የተለማመድነው።

በወረቀት ላይ ያስቀመጥናቸው አራት ነበሩ። ካኖን 250ዲ፣ የ2019፣ ቀላልና ትንሽ፤ ስክሪኑ ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፤ እንደ እስስት ላሉ መሬት ለመሬት ለሚሄዱ ፍጥረታት ሳይተኙ ማንሳት ያስችላል። ኒኮን ዲ3500፣ የ2018፣ ከሁሉም ቀላሉ። ኒኮን ዲ7200፣ የ2015፣ ከባድና ጠንካራ። ካኖን 7ዲ ማርክ 2፣ የ2014፣ ለስፖርትና ለወፍ የተሠራ፣ በሴኮንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ። የመጨረሻው የልባችን ነበር፤ ሆኖም ያገኘናቸው ያገለገሉት ሁሉ ወይ ዋጋቸው ለሌንስ የሚተርፍ አያስቀርም፣ ወይ ከመጠን በላይ የሠሩ ነበሩ።

በሁለቱ ቀላሎችና በዲ7200 መካከል የወሰነልን የፎከስ ነጥቦች ጉዳይ ነው። 250ዲ 9 ነጥቦች አሉት፣ ዲ3500 ደግሞ 11፤ ዲ7200 ግን 51። ለቆመ ወፍ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ መሃለኛውን ዓይኑ ላይ ማድረግ ነው። ለሚበር ወፍ ግን ነጥቦቹ እንደ መረብ ናቸው፤ መረቡ ሲሳሳ ወፉ በመሃል ያመልጣል። ሁለተኛው ምክንያት በመስኮቱ ስናይ ነው። በርካሾቹ ውስጥ መስተዋቶች ተገጣጥመው ምስሉን ያመጣሉ፤ በዲ7200 ውስጥ ያለው ሙሉ የመስታወት ፕሪዝም ስለሆነ ምስሉ ሰፋና ብሩህ ብሎ ይታያል፤ ሌንሱ የሚያየውን ሁሉ ያሳያል። ሦስተኛው፣ ለብርሃንና ለፍጥነት ለየብቻ የሚዞሩ ሁለት መንኮራኩሮች አሉት፤ ዓይን ከመስኮቱ ሳይነሣ ጣት ብቻ ይሠራል። አራተኛው አቧራና ጠብታን የሚከላከል ማሸጊያ ነው፤ ያቭኔ አሸዋ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ለምታውቁ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

«ለምን መስታወት የሌለውን አዲሱን ዓይነት አልገዛችሁም?» የሚሉን አሉ። ካኖንና ኒኮን በ2018 ለመስታወት አልባ ካሜራዎች አዲስ የሌንስ ማያያዣ ካወጡ ወዲህ ጉልበታቸውን ወደዚያ እንዳዞሩ እናውቃለን። አዲሶቹ የወፉን ዓይን ራሳቸው ፈልገው ይይዛሉ፤ ገንዘብ ያለው ይግዛ፣ አንመክርበትም። ግን ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ሲሮጥ አሮጌው ይረክሳል፤ ተማሪ የሚጠቀመው እዚያ ላይ ነው። በተጨማሪም ዲ.ኤስ.ኤል.አር. መስኮቱ ብርሃን በመስታወት ተንጸባርቆ የሚታይበት እንጂ ስክሪን አይደለም። ቁጥቋጦ ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይናችንን ለጥፈን ብንጠብቅ ባትሪው ብዙም አይነካም። የዲ7200 ባትሪ በመለኪያው መሠረት 1,110 ፎቶ ያነሳል፤ እኛ ለሁለት ሳምንት አንዴ ነው የምንሞላው።

ያገለገለ ካሜራ ስንገዛ ያየነው ይህን ነበር። መጀመሪያ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የዲ7200 መዝጊያ ለ150,000 ጊዜ የተፈተነ ነው፤ የእኛው 28,000 ላይ ነበር። ከዚያ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንስተን አቧራ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ክዳኑን ዘግተን በጨለማ አንስተን የሚያበሩ የተቃጠሉ ነጥቦች ካሉ እናያለን። ሌንሱን ደግሞ በስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ መመልከት ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች እርጥበት ስላለ በመስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ የሸረሪት ድር ይመስላል። ድር ካያችሁ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ትታችሁ ሂዱ። ሻጩ ጡረታ የወጣ፣ ወደ መስታወት አልባው የተሻገረ ሰው ነበር፤ ካሜራውንና በ2006 የወጣውን፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያ ያለበትን የኒኮን 70-300 ሌንስ ሰጠን። ሁለቱም ባንድ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናሉ። ከእቁቡ ለትርፍ ባትሪና ለአቧራ መንፊያ የሚሆን ተረፈ።

የካሜራ መጽሐፍ የማይጽፈው ግን ለእኛ ግድ የሆነ ሌላ መመዘኛ ነበረ። ገና በተዋስነው ካኖን እየተለማመድን ሳለ አንድ ሞሻቭ አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጭ በአፈር መንገድ ላይ ተንበርክከን ሲክሳክ ስናነሳ የጥበቃ መኪና መጥቶ ቆመ። «እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» ለሚለው ወፍ እናነሳለን አልን። ቀጥሎ የመጣው «ካሜራው የማን ነው?» የሚል ነበር። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ካሜራው በእርግጥም የሌላ ሰው ነበር፤ የያቭኔው ልጅ «የአጎቴ ልጅ ነው» ሲል ለራሱም አላሳመነው። ፎቶዎቹን አሳየን፣ ሰውዬው አይቶ ሄደ። በዚያው መንገድ ላይ ከእኛ የሚበልጥ ሌንስ የያዙ አዛውንቶች በተደጋጋሚ አይተናል፤ ካሜራው የማን እንደሆነ የጠየቃቸው ስለመኖሩ እንጠራጠራለን።

ከዚያ በኋላ ሦስታችን ተወያየን። አንዱ ሐሳብ ትንሽ፣ ዓይን የማይስብ ካሜራ እንግዛ የሚል ነበር። የገዴራዋ ልጅ ይህን አልተቀበለችም፤ «ወፉ እንዳያየን እንደበቅ፤ ከሰው ግን አንደበቅም» አለች። ክርክሩ በዚህ አለቀ። ያም ሆኖ ልማድ አበጅተናል፤ ከከተማ ውጭ ለሁለት እንሄዳለን፣ የምንሄድበትን ለቤተሰብ እንናገራለን፣ ከአጥር ወዲህ እንቆማለን። ፎቶ ለማየት የሚጠጋ ሰው ካለ እናሳያለን። ብዙ ጊዜ ነገሩ «እኔም ቤት አጠገብ ዱኪፋት አለች» በሚል ወሬ ይደመደማል።

ዱኪፋት በ2008 የእስራኤል ብሔራዊ ወፍ ሆና የተመረጠችው ናት፤ በገዴራ ከሕንፃዎቹ መካከል ባሉት ሣር ሜዳዎች ላይ በረጅም መንቁሯ አፈር እየወጋች ትሄዳለች። ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሰውን ለምዳለች፣ በዝግታ ትሄዳለች፣ ስትቆጣ ወይም ስታርፍ አክሊሏን ትዘረጋለች። ተንበርክኮ፣ ከተቻለም ሆድ በመሬት ተኝቶ ማንሳት ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ወፍ ሁልጊዜ የተናቀ ይመስላል። በበጋ ከረፋዱ በኋላ ግን አትልፉ፤ ከሞቀው መሬት የሚነሣው የአየር ሞገድ ፎቶውን ያደበዝዘዋል፣ ያን የሚያስተካክል ሌንስ በየትኛውም ዋጋ አይገኝም።

በያቭኔ በኩል የሶሬቅ ወንዝ አለ፤ በማምሉኮች ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ሥር አልፎ በፓልማሂም ወደ ባሕር ይገባል። እዚያ ሻልዳግ ይገኛል፤ ሽቦ ላይ ወይም ሸምበቆ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃውን ያያል። በአሸዋው ላይ ደግሞ በሮተም ቁጥቋጦ ውስጥ እስስት አይተናል። እስስትን ፈልጎ ማግኘት ከማንሳት ይከብዳል፤ አንዴ ካገኟት ግን የትም አትሄድም። ከ300 ሚሊ ሜትሩ ጋር አንድ ሜትር ተኩል ድረስ መጠጋት ይቻላል፤ ዓይኖቿ አንዱ ወደ እኛ፣ አንዱ ወደ ኋላ ሲያይ የተነሣው ፎቶ ከሁሉ የበለጠ የተወደደልን ነው። በአሸዋ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ይህን ብቻ አስታውሱ።

በቂርያት ማላኪ ዙሪያ ባሉት ማሳዎች ጉጉት አለ። ገበሬዎች በእንጨት ላይ ሳጥን ሰቅለው ጉጉት እንዲፈለፍልበት የሚያደርጉት አይጥ እንዲበላላቸው ነው፤ ሥራው በ1983 በስዴ ኤሊያሁ ኪቡጽ ተጀምሮ በአገሩ ሁሉ ተስፋፍቷል። መርዝ ከመርጨት ጉጉት ማሳደር ይሻላል ብለው ነው። እኛ በጎጆ ሰዓት ወደ ሳጥኑ አንጠጋም፣ የፍላሽ መብራትም አናበራም። ከሩቅ፣ ሲመሽ፣ አንድ ደህና ፎቶ አነሣን። ቤት ስናሳይ የቂርያት ማላኪው ልጅ አያት እጃቸውን አወናጨፉ፤ «ጉጉት በቤቴ? ውጡልኝ!» በአገራችን ጉጉት ከጮኸ ሞት ይጠራል ይባል የለም? ስለ አይጡ ብናስረዳ «ይብላ፣ ግን እዚያው ይብላ» አሉ። ፎቶው ያቭኔ ተሰቅሏል።

እኝሁ አያት ናቸው ስለ ሽመላ የነገሩን።

ሽመላ ከሌሎች ወፎች ይለያል። ክንፉ ተዘርግቶ ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግን ብዙ አያርገበግብም። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ የሞቀው አየር ሲነሣ በዚያ ላይ እየዞረ ይወጣል፣ ከዚያ ተንሸራቶ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይገኝ የሜዲትራኒያንን ባሕር አያቋርጥም፤ ዙሪያውን በየብስ ይዞራል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሽመላዎች በእስራኤል ሰማይ ላይ የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በጸደይ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ፣ በበጋ መጨረሻ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ። መንገዳቸው በሲናና በአባይ ሸለቆ፣ በሱዳን ላይ ነው። ለፎቶ አንሺ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው፤ አየሩ እስኪሞቅ ስለማይነሡ ጎህ ሳይቀድ መነሣት አያስፈልግም።

በመጋቢት አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ከቂርያት ማላኪ ደቡብ ባለው ማሳ ዳር ቆመን መጡ። መጀመሪያ እንደ ጭስ፣ ከዚያ እንደ ተበተነ ወረቀት። ከ400 ሜትር በላይ ሲሆኑ በ300 ሚሊ ሜትር አንዱ ሽመላ ከፎቶው አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ይይዛል፤ ወደ 100 ሜትር ዝቅ ሲሉ ሩቡን ይሞላል። የመዝጊያውን ፍጥነት 1/1600 አደረግን። ችግሩ ብርሃኑ ነበር። ሽመላ ነጭ ነው፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው፣ ከኋላው ያለው ሰማይ ደግሞ ያበራል። ካሜራ ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል፤ ብሩህ ሰማይ ሲያይ ፎቶውን ያጨልመዋልና ወፉ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መንኮራኩሩን ወደ መደመር አንድ ደረጃ አዞርን። ማሳው ላይ ሲያርፉ ግን ከጥቁር አፈር ፊት ነጭ ላባ ሆኑ፤ አሁን ካሜራው ያለ ልክ ያበራዋል፣ ላባው እንደ ኖራ ይሆናል፤ ወደ መቀነስ መለስን።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ፎቶውን በካሜራው ጀርባ ላይ ለአያታችን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። «አቅርበው» አሉ። አቀረብነው። «እግሩ ቀይ ነው። እሱ ነው» አሉ። ከዚያ የነገሩንን ብዙዎቻችሁ ከቤተሰቦቻችሁ ሰምታችኋል፤ በአገር ቤት ልጆች ሽመላ ሲያልፍ አንጋጠው ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት እንደነበር፣ ከዚያ የመጣ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ነው ብለው። እኛም ከመጽሐፍ እናውቀው ነበር። ያላወቅነው የሚቀጥለውን ነው። ማሳ ላይ ሲያርፍ ማንም አይነካውም ነበር፤ አንበጣና ተምች ይለቅማልና። «ወደየት ነው አሁን የሚሄዱት?» ብለው ጠየቁን። ወደ ሰሜን፣ ወደ ፖላንድ፣ ወደ ጀርመን አልናቸው፤ እዚያ ነው ጎጆ የሚሠሩት። ዝም አሉ። ቆይተው «እዚህ የሚኖሩ መስሎን ነበር። ለካ እነሱም ያልፋሉ» አሉና ሳቁ።

ስለ መንገዱ ስናስብ ያ ፎቶ ለእኛ ከወፍ ፎቶ ይበልጣል። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ የመጡት ሱዳን ድረስ በእግራቸው፣ ይበልጡን በሌሊት ነው የተጓዙት፤ በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል ሰው ቀርቷል። ከዚያ ጉዞ በቤታችን አንድም ፎቶ የለም፤ ማን ያነሣል? በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲመጣ ደግሞ ፎቶ ሞልቷል፤ ግን ሁሉም በሌላ ሰው እጅ የተነሣ ነው። ቁጥር ግንባራቸው ላይ የተለጠፈባቸው ሰዎች፣ ከአውሮፕላን ሲወርዱ። ሥዕሎቹ የአገሩን ታሪክ ይነግራሉ፤ በፎቶው ላይ ያሉት ግን ስማቸው ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። ካሜራ በእጃችን መያዝ ይህን አይለውጠውም። ሆኖም ከካሜራው በየትኛው በኩል እንደቆምን መገንዘባችን አልቀረም።

አያታችን «እኔንስ አታነሡኝም? ወፍ ብቻ ነው የምታነሡት?» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው የጧቱ ችግር ተመልሶ መጣ፤ ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፣ ከኋላ የሚያበራ ሰማይ። ሽመላው ራሱ ነው። ስልኮቻችን እንዲህ ያለውን ፎቶ ሲያነሱ ወይ ፊቱን ያጨልሙታል፣ ወይ ነጠላውን ያጠፉታል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። የፊልሙ ቀለም ለእሷ ቆዳ ተስተካክሎ የእኛ ዓይነት ቆዳ ለዕድሉ ተተወ። ዛሬ መፍትሔ አለ። ፎቶውን ጥሬ በሆነው ሮው በሚባለው ፋይል እናነሳለን፤ ብርሃኑን የነጠላው ጥለት እስኪታይ ድረስ እንቀንሳለን፤ ከዚያ በኮምፒውተር ላይ ጥላውን ብቻ ከፍ እናደርጋለን። ዲ7200 በዝቅተኛ አይኤስኦ ሲነሣ ከጥላው ውስጥ ብዙ ነገር ያወጣል፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር በደንብ ታየ። በረንዳው ላይ ከፀሐይ ወደ ጥላው ብናዞራቸው ደግሞ ኮምፒውተሩም ባላስፈለገ ነበር፤ እሳቸው ግን ከመንገዱ ጋር እንዲነሡ ነው የፈለጉት።

ሁለቱንም ፎቶ አሳትመን ሰጠናቸው። የራሳቸውን ለልጃቸው ላኩት። የሽመላውን ሳሎን ሰቅለውታል፤ ጉጉቱ ይሰቀልበት በነበረው ቦታ መሆኑ ነው።

ካሜራው ሳምንት በሳምንት በተራ ይዞራል። ዓርብ ጧት ከሚወጣው ጋር ይሄዳል፣ ሰንበት ያርፋል፣ እሑድ ለሚቀጥለው ይተላለፋል፤ ባትሪው ተሞልቶ፣ ካርዱ ባዶ ሆኖ፣ ሌንሱ ተጠርጎ። ይህ ደንብ እስካሁን አላጣላንም። ሽመላዎቹ በሚያልፉበት በመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ካሜራው በማን እጅ ይሁን የሚለውን ግን ገና አልተስማማንም፤ የገዴራዋ ልጅ ዕጣ እናውጣ ብላለች፣ አሁን እውነተኛ እቁብ ሊሆን ነው።